ምስሉ ሲጠፋ ጨዋታውን ያየነው በደምሴ ድምፅ ነው
«የቴሌቪዥን ተመልካች ኳሷን በዓይኑ ስለሚያይ የኳስ ጨዋታ አስተላላፊው ደምሴ ዳምጤ ያን ያህል ማውራት አልነበረበትም» የሚለውን ፈጽሞ አልቀበልም። ይህን የጻፈ ሰው ያኔ ደሴ ላይ ቴሌቪዥን አላየም! በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች) ዋንጫ ፍጻሜ ከዚምባብዌ ጋር ስንጫወት፣ የሰፈሩ ልጆች ጎረቤት ቤት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ፊት ተጠጋግተን ተቀምጠናል። ከጦሳ ተራራ በኩል ነፋስ በተነሳ ቁጥር አንቴናው ይዞርና ምስሉ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል፤ አንዱ ጎረምሳ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲያዞር እኛ ከታች «ትንሽ ወደ ግራ! በቃ፣ እንዳትነካው!» እንጮሃለን። 1 ለ 1 አልቆ የመለያ ምት ሲመታ ምስል የሚባል አልነበረም። ማን ለመምታት እንደመጣ፣ ማን እንደሳተ የነገረን ደምሴ ነው። 5 ለ 4 ስናሸንፍ የቤቱ እመቤት እትዬ ጀበናውን ከእጃቸው አስቀምጠው እልል አሉ፤ ምስሉ ግን ገና አልተመለሰም ነበር። «የዛሬዎቹ አስተላላፊዎች ይሻላሉ፣ መረጃ አላቸው» ላልከው ወንድሜ፦ መረጃው ጥሩ ነው፣ ግን የተጫዋቹን ዝውውር ሲተርኩልን ኳሱ መረብ ላይ ያርፋል። ደምሴ ዓይኑን ከኳሷ አያነሳም ነበር።