«አትድገሙ» የተባለው ጥቅስ እስከ መጨረሻው ይነበብ

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ የሥራ አመራር አማካሪ፣ ሠራተኛ የሆነ ክርስቲያን ማለዳ ውዳሴ ማርያምና ዳዊት ሲደግም የሚያሳልፈው ጊዜ «የባከነ» እንደሆነ፣ በቃል የተያዘ ጸሎትም ልብን እንደሚያደነዝዝና «ከራስ የመነጨ» የሁለት ደቂቃ ንግግር እንደሚበቃ ተናገሩ። አዘጋጁ አንድም ጥያቄ ሳያነሡ አመስግነው ሸኟቸው። እኔ ግን በዝምታ ላልፈው አልቻልሁም።

እንግዳው የተደገፉት በማቴዎስ ወንጌል 6፥7 ላይ ነው፤ ጌታ ራሱ መድገምን ከልክሏል አሉ። ጥቅሱ ግን «በከንቱ አትድገሙ» ይላል፤ የተከለከለው ከንቱነቱ ነው። ሁለት ቁጥር ዝቅ ሲባል ደግሞ ያው ጌታ «እናንተስ እንዲህ ጸልዩ» ብሎ አባታችን ሆይን ከነቃሉ ይሰጣል። በዚያው ወንጌል 26፥44 ላይም በጌቴሴማኒ «ሦስተኛም ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ» ተብሎ ተጽፏል። በመስቀል ላይ «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ስለ ምን ተውኸኝ?» ሲል የጮኸውም በዳዊት መዝሙር ቃል ነው። ሁለት ቁጥር ወርዶ ለማንበብ ያልታገሠ ሰው ስለ ጸሎት ሊመክረን ባልተነሣ ነበር።

«ከራስ የመነጨ» የሚለው መመዘኛ ራሱ ከየት መጣ? የእኔ ልብ የሚያመነጨው በአብዛኛው የእኔን ፍላጎት ብቻ ነው። አባቴ በጠና ታመው አልጋቸው አጠገብ ባደርሁበት ሌሊት ከራሴ ሊወጣ የቻለው ጸሎት «አትውሰድብኝ» የሚል አንድ ቃል ነበር፤ እርሱንም ጥቂት ጊዜ ተናግሬው አለቀብኝ። ከዚያ በኋላ አፌ ከልጅነቴ የያዘውን አቡነ ዘበሰማያት፣ አባታችን ሆይን በግዕዝ፣ አነሣ፤ «ወይኩን ፈቃድከ»፣ ፈቃድህ ይሁን፣ ከሚለው ስደርስም ድምፄ ተቆረጠ። ያንን ቃል በዚያች ሌሊት ከራሴ ፈጽሞ አላመነጨውም ነበር። እንዲያውም ቢቻለኝ እዘለው ነበር። እንድለው ያስገደደኝ ከእኔ በፊት የተሰጠ መሆኑ ነው።

የዳዊት ክፍፍልም የሚሠራው ይህንኑ ነው። መዝሙሩ ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ፣ በአንዳንዱ ቀንም ቁጥሩ እያነሰ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ 150ው ይዳረሳል። ስለዚህ ማክሰኞ ማለዳ ራሱን ጻድቅ አድርጎ የተነሣ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ 50ኛው መዝሙር ላይ ደርሶ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» ይላል። ያዘነው ሰው የምስጋናውን፣ የተደሰተው ደግሞ የለቅሶውን መዝሙር ይደግማል፤ በዚህም የሌላውን ሰው ኀዘን ተሸክሞ መጸለይን ይማራል። በስሜቱ ብቻ የሚጸልይ ሰው ግን ከራሱ ጓዳ ወጥቶ አያውቅም። ልብን የሚያደነዝዘው የቱ ነው?

ግዕዙን ሳይረዱት፣ ለመጨረስ ብቻ ተጣድፈው የሚያነበንቡ ሰዎች መኖራቸውን አልክድም። መድኃኒቱ ግን በአማርኛ የተዘጋጀውን ይዞ ቀስ ብሎ መጸለይ ነው፤ መተው አይደለም።

ጊዜ የለም የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት ጊዜ ጸልዩ ያለችው ሥራ ፈት ለሆነ ሕዝብ አልነበረም፤ አርሶ ለሚበላ፣ ወንዝ ወርዶ ውኃ ለሚቀዳ ሕዝብ ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ የወጡበትን ዘጠኝ ሰዓት ዛሬም በዚያው ቁጥር የምንጠራ ሕዝብ ነን። ቢሮ ውስጥ ለሻይ የሚነሣ ሰው፣ ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አባታችን ሆይን ቢያደርስ የትኛው ሥራ ይስተጓጎላል?

የዝግጅቱ ባለቤቶች በዚህ ጉዳይ ዳግመኛ ሊወያዩ ካሰቡ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ውዳሴዋን አድርሳ፣ ልጆቿን ቀስቅሳ፣ ጉሊት የምትዘረጋ አንዲት እናት ይጋብዙልን። የጊዜ እጥረትን ከአማካሪው ይልቅ የምታውቀው እርሷ ናት።