ቀዩን ድንች ጫር አድርጋችሁ ግዙ

ስለ ቀይ ድንች ያነበብኩት ጽሑፍ ደስ ይላል፤ ግን ዴዚሬ የሚባለውን ቀይ ድንች የአገራችን ዝርያ ብሎታል፣ ይሄ ይታረም። ዴዚሬ የሆላንድ ድንች ነው። ኡርጀንታና ዴፔሼ ከሚባሉ ዝርያዎች ተዳቅሎ በ1962 እ.ኤ.አ. ለገበያ ወጣ። ቆዳው ቀይ፣ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። የውሃ እጥረትን ደህና አድርጎ ይችላል፤ እከክ የሚባለው የድንች ቆዳ በሽታ ግን ያጠቃዋል።

ጣና ዳር መትከል ለምትፈልጉ፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በበጋው ወር በመስኖ ቢሆን ይሻላል። ሌሊቱ ከሞቀ ቅጠሉ ብቻ ያምርና ሥሩ ፍሬ አይዝም።

የባሕር ዳር ሸማቾች ደግሞ አደራ! ፀሐይ ላይ የዋለ ነጭ ድንች አረንጓዴ መሆኑ ያስታውቃል። የቀዩን ግን ቆዳው ይደብቀዋል። በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ከቆዳው ሥር አረንጓዴ ከታያችሁ መርዝ አለውና ለልጆች እንዳትቀቅሉት።