የተሸነፈ ይከፍላል

ሰፈራችን ያለችው ጌም ቤት አንድ ሕግ ብቻ ነው ያላት። የተሸነፈ ይከፍላል። ካርቶን ላይ በማርከር ተጽፎ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ለዚያች ካርቶን ያለውን ክብር ለንግድ ፈቃዱ እንኳ የለውም። ንግድ ፈቃዱ ጣሪያው የሚያፈስበት ጥግ ላይ ነው የተንጠለጠለው፣ ካርቶኗ ግን ላስቲክ ለብሳለች።

ቤቷ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ናት። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሦስት የሚሠራ ጆይስቲክ፣ አንድ ታማሚ ጆይስቲክ (ወደ ግራ ብቻ ነው የሚሮጠው)፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ እና ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ። በርጩማው የክብር ቦታ ስለሆነ ለእኔ ይለቀቃል። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ጌም ቤት ምን ይሠራል የምትሉ ካላችሁ፣ የእህቴን ልጅ ልፈልግ ነው የምገባው። ካገኘሁት በኋላ ለምን አንድ ሰዓት እንደምቀመጥ የእኔና የበርጩማው ጉዳይ ነው።

እዚህ ቤት የሚታወቀው ፊፋ ነው። አንድ ጨዋታ 10 ብር። የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። እናቱ ዳቦ ግዛ ብላ የላከችው ልጅ አምስት ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ ዳቦው እስኪያልቅ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ሥርዓቱ እንደ ሰዓት ነበር የሚሠራው፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን አቅፎ እስኪመጣ ድረስ።

ላፕቶፑን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘና "ዛሬ ኳስ የለም፣ ግራፊቲ ነው" አለ። ጨዋታው ቦምብ ረሽ ሳይበርፋንክ ይባላል። ቲም ሬፕታይል የሚባሉ ሆላንዶች ናቸው በፈረንጆቹ 2023 ያወጡት። ኒው አምስተርዳም የምትባል የፈጠራ ከተማ አለች። በሮለር ስኬት ወይም በስኬትቦርድ፣ ካሻህ በብስክሌት፣ በሐዲዱና በጣሪያው ላይ እየተንሸራተትክ ግድግዳ ባየህ ቁጥር በስፕሬይ ትስላለህ። ሌሎች ቡድኖች የሳሉበት ላይ አንተ ትደርብበታለህ። ከተማውን በሙሉ የሸፈነ ንጉሥ ነው።

ዋናው ልጅ ገና ጨዋታው ሲጀምር ጭንቅላቱ በሸክላ ይቆረጣል። በሙዚቃ ሸክላ ማለቴ ነው። ከዚያ የሮቦት ጭንቅላት ይገጠምለትና የራሱን ፍለጋ ይነሳል። በር ላይ ቆሞ የነበረ ባለ ባጃጅ ይቺን አይቶ፣

"ጭንቅላት ቢኖረውማ የሰው ግድግዳ ላይ አይጽፍም ነበር" አለ።

አስተያየት በዚህ ተከፈተ። ለሁለት ሳምንትም አልተዘጋ።

መጀመሪያ የፈነዳው የሒሳብ ጥያቄ ነው። ተማሪው አንድ ሰዓት ተጫወተ፣ ግማሹን የከተማዋን ግድግዳ ቀባ፣ ባለቤቱ እጁን ዘረጋ።

"ማን ተሸነፈ?" አለ ተማሪው።

ቤቱ ዝም አለ። እውነት ማን ተሸነፈ? የሚያባርረው ፖሊስ ነው፣ የተሸወደውም ፖሊስ ነው። አንዱ ከኋላ "ፖሊስ ይክፈላ!" ሲል ሳቁ ቆርቆሮውን አነቃነቀው። ባለቤቱ አልሳቀም። ወንበር ላይ ወጥቶ ካርቶኗን አወረደና ከሥር አንድ መስመር ጨመረባት፦ "ተሸናፊ የሌለበት ጨዋታ በደቂቃ ይታሰባል።"

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተቺ ሆነ። ባለ ባጃጁ ጨዋታው እውነተኛ አይደለም አለ። ምክንያቱ የሚገርም ነው፤ መንገዱ ጉድጓድ የለውም። "ይኼ ልጅ በዚያ ጫማ ከአጂፕ መርካቶ ይምጣና እንየው።" የኳሶቹ ልጆች ጎል የሌለው ነገር ጨዋታ አይባልም ብለው ጀርባቸውን ሰጡ፣ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው በመስታወቱ ያዩ ነበር። አንዱ ደግሞ "ካሜራው ችግር አለበት" ይላል። ምን ዓይነት ችግር ስትለው ካሜራው ነዋ ይልሃል። ጆይስቲክ ነክቶ አያውቅም፣ ቡና ላይ ስለ ቡና ዋጋ እንደሚተነትኑት ሰዎች ነው።

ከሁሉም የወደድኩት የድሮውን ናፋቂ ነው። በየትኛውም ነገር ላይ "የድሮው ይሻላል" የሚል ሰው አይጠፋም፣ እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ እሱ እኔ ነኝ። እዚህ ግን አንድ ቀጭን ልጅ ቀደመኝ። "ይኼ የጄት ሴት ሬዲዮ ግልባጭ ነው፣ ነፍስ የለውም" አለ። ጄት ሴት ሬዲዮ በፈረንጆቹ 2000 ሴጋ ድሪምካስት ለሚባለው የጌም ማሽኑ ያወጣው ጨዋታ ነው፣ በሮለር ስኬት ቶኪዮን መቀባት፣ ሥዕሉ እንደ ካርቱን ፊልም የሆነ። እዚያ ላይ ትልቅ ግራፊቲ ለመሥራት የጆይስቲኩን ዱላ በቀስቱ አቅጣጫ ማዞር ነበረብህ፣ ያውም ፖሊስ ከኋላህ፣ ሰዓት ከላይህ። አዲሱ ላይ ነጥብ ከነጥብ ታገናኝና ሥዕሉ ይወጣል። "የድሮው እጅ ያደክማል። ጥበብ ማለት ድካም ነው" አለ ልጁ በሐዘን። ስንት ዓመትህ ነው ብዬ ጠየቅኩት። አሥራ ዘጠኝ። ጨዋታው በዕድሜ ይበልጠዋል። የልጅነት ትዝታው ከመወለዱ በፊት ነው ማለት ነው።

ሐጂ ደግሞ የቤት ኪራይ ሊቀበሉ መጡ። የጌም ቤቷ አከራይ ናቸው። ልጁ በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ የጸዳ ግድግዳ በሐምራዊ ሲያለብሰው ለአፍታ አዩና፣

"ኢጆሌ፣ ይኼ ግድግዳ የማነው?" አሉ።

ማንም አልመለሰም። ለካ ማንም አስቦት አያውቅም። በዚያ ጨዋታ ፖሊስ አለ፣ ተቀናቃኝ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ቀለሙ ያልደረቀበትን ግንብ አይቶ እሪ የሚል አከራይ ግን የለም። ሐጂ ቢሆኑ ጨዋታው ባልተሸጠ ነበር። ደግሞ ብቻቸውን አይደሉም። በፈረንጆቹ 2006 ጌቲንግ አፕ የሚባል ሌላ የግራፊቲ ጨዋታ ሲወጣ አውስትራሊያ ደረጃ አልሰጥም ብላ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ይህን ስነግራቸው ሐጂ ደስ አላቸው። "አውስትራሊያ ቤት የሚያከራይ ሰው አለ ማለት ነው" አሉ።

ጎን ላይ ቡና የምታፈላው እትዬ አቦሉን ይዛ ገብታ ነበር። እሷ ያየችው ሌላ ነው።

"ይኼ ሁሉ ቀለም ወጥቶ ስልኩ የታለ?"

ልክ ናት። እኛ ጋ ግድግዳ ሥራ አለው። "የሚከራይ ክፍል አለ" ከነስልኩ። "ሽንት ቤት የሚመጥ መኪና" ከነስልኩ። "ማትስና ፊዚክስ ቤት ለቤት" ከነስልኩ። ስልክ የሌለው ጽሑፍ ወይ ክልከላ ነው ወይ ፍቅር ነው። ወይ ደግሞ ኳስ፤ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. በመጣበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲበላ ለማስታወቂያ ሳይሆን ለደስታ ግድግዳ ላይ የሚጽፍ ሰው አይቻለሁ። ሌላውን የጅማ ዝናብ ያጥበዋል። ከታች አንድ ክንድ ያህሉን ቀዩ ጭቃ ይቀባዋል፣ ከላይ ሻጋታው ይወርዳል፣ መሐል ላይ የቀረችውን ቦታ ደላሎች ይከፋፈሏታል።

አሁን ወደ ሽንት ቤቱ ልምጣ።

በጨዋታው ብዙ በቀባህ ቁጥር ፖሊስ ይበዛብሃል። እየበዛ እየበዛ መተንፈሻ ያሳጣሃል። ማምለጫህ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ነው። ሮጠህ ትገባለህ፣ ልብስህን ቀይረህ ትወጣለህ፣ ፖሊስ ይረሳሃል። ተማሪው ይህን ሲያደርግ ቤቱ እንደ ለቅሶ ቤት ጸጥ አለ።

"ክፍት ነው?" አለ አንዱ።

"ክፍት ነው።"

"ሳይከፈልበት?"

"ሳይከፈልበት።"

"ውስጡ ሰው የለም?"

"ማንም የለም።"

ባለ ባጃጁ ራሱን ነቀነቀ። ጭንቅላት በሸክላ ሲቆረጥ አምኗል፣ የሮቦት ጭንቅላት ሲገጠም አምኗል። ይቺን ግን አላመነም። እኔም ብሆን አላምንም። እዚህ መሐል ከተማ ሽንቱ የመጣበት ሰው መጀመሪያ ካፌ ገብቶ ማኪያቶ ያዝዛል። ማኪያቶው የመግቢያ ቲኬት ነው። ተገላግሎ ሲመለስ ማኪያቶው ጠብቆታል፣ ገንዘቡ ወጥቷልና ይጠጣዋል፣ አጂፕ ሳይደርስ እንደገና ካፌ ይፈልጋል። በዚህ ዓይነት ኪሱ ያለቀ ሰው መጨረሻ ላይ የሚሄደው የት ነው? ወደ እኔ ግንብ።

ግንቤ ጥግ ላይ ነው፣ ዛፍ ይከልለዋል፣ ብቻ ምን ልበላችሁ፣ ምቹ ነው። ሁለት ዓመት ታግሼ በሩን ከቀባሁበት በተረፈ አረንጓዴ ቀለም በትልቁ ጻፍኩ፦ "እዚህ የሸና 200 ብር ይከፍላል።" እስከ ዛሬ የሰበሰብኩት ገቢ ዜሮ ነው። እንዲያውም ማስታወቂያው ቦታውን ለማያውቁት ያስተዋወቀ ይመስለኛል።

ግድግዳ ላይ ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ አይደለም፣ ልንገራችሁ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍሉ ጀርባ ባለው ነጭ ግድግዳ ላይ በከሰል ጽፌያለሁ። ስሜን፣ ከነአባቴ ስም፣ ከሥሩ "8ኛ ሐ፣ ተራ ቁጥር 31"። በ10 ደቂቃ ውስጥ ተያዝኩ። ዩኒት ሊደሩ ምርመራ እንኳ አላስፈለገውም፣ መዝገቡን ገለጥ አደረገና ጠራኝ። ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ አንድ ተላላኪ ልጅ ነበር፣ ቅጽል ስሙንና የሚኖርበትን መንገድ ቁጥር አጋጥሞ "ታኪ 183" እያለ በየባቡሩና በየግድግዳው ይጽፍ ነበር። በፈረንጆቹ 1971 ኒው ዮርክ ታይምስ ስለሱ ጻፈ፣ ልጁ የዓለም ግራፊቲ አባት ከሚባሉት አንዱ ሆነ። እሱም ቁጥር ጻፈ፣ እኔም ቁጥር ጻፍኩ። እሱ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ እኔ ባንዲራ ሥር ተንበረከክኩ። ጥፋቴ የአባቴን ስም መጨመሬ ነው።

ጨዋታው ከመጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ግንቤ ዘንድ ሦስት ሰው ቆሞ ይስቃል። ቀረብ ብዬ አየሁ። ጽሑፌ ተሻሽሏል። "የ" እና "ሸ" መሐል ላይ በከሰል ትንሽ "ተ" ተሰክታለች። "ና" ተፍቃ "ነ" ሆናለች። ከእሷ ቀጥሎ "ፈ" ተጨምራለች።

"እዚህ የተሸነፈ 200 ብር ይከፍላል።"

ስልክ የለውም። ክልከላ አይደለም፣ ፍቅርም አይደለም። ለመናደድ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የማላውቀው ልጅ በሬን አንኳኩቶ "ጋሼ፣ ፊፋ አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ጨዋታ 200 ብር መሆኑ አልከበደውም መሰለኝ።

ማታ እራት ላይ የእህቴ ልጅ እንጀራ ሲቆርስ አየሁት። አውራ ጣቱ ጥፍሩ ሥር ድረስ ከሰል ነው። ታጥቦታል፣ አልለቀቀም። ዝም ብዬ ሁለት ጉርሻ ዋጥኩና፣

"'ፈ' ጠባለች" አልኩት።

ቀና ሳይል "ቦታ አልነበረማ ጋሼ" አለ።

እናቱ ስለምን እንደምናወራ አልገባትም፣ ወጥ ጨመረችልን።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ጌም ቤት አምሽቼ ወጣሁ። መብራት ሄዶ ነበር። እትዬ እስኪመጣ ብላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱንም አጠጥታኛለች፣ ቡናዋን ደግሞ እምቢ አይባልም። ካፊያ አለ። ካፌው ሁሉ ዘግቷል። ግማሽ መንገድ እንደ ሄድኩ ነገሩ ከአቅሜ በላይ ሆነ፣ እና የአንድ ትልቅ ግቢ ግንብ ጥግ ያዝኩ። ከልማድ ይሁን ከፍርሃት የስልኬን መብራት ሽቅብ አበራሁ።

"በዚህ አጥር ሥር መሽናት በጥብቅ ክልክል ነው።"

ደህና ጸሐፊ ነው። የ"ሽ" እግሮች እኩል ወርደዋል። "ጥብቅ" የምትለዋን ደመቅ አድርጓታል፣ "ክልክል" ላይ ሲደርስ ቀለሙ እያለቀበት ሁለተኛዋ "ክ" ሳሳች፣ "ነው" ጋ ግን ሌላ ጣሳ ከፍቷል፤ ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ዝናብ አምስት ስድስት ክረምት ሄዶበት አልበገረውም። የዘይት ቀለም መሆን አለበት።

ድንገት የባትሪ ብርሃን ፊቴ ላይ ወደቀ። ዘበኛው ነው። ፎጣውን ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሟል።

"ምነው ጋሼ፣ ማንበብ አይችሉም?"

"እያነበብኩ ነው" አልኩት።

ባትሪውን ከፊቴ አውርዶ ጫማዬ ላይ አበራ። ትንሽ ዝም አለ።

"ጨረሱ?"

"ገና ነኝ።"