ክኒን ዋጥኩልሽ!

ትናንት ማታ «አዝ ጉድ አዝ ኢት ጌትስ» የተባለውን የፍቅር ፊልም ደግሜ አየሁት። ምነው ባልነካካሁት! ሰውዬው (ጃክ ኒኮልሰን) ገና ሲጀምር የጎረቤቱን ውሻ ቆሻሻ መጣያ ቱቦ ውስጥ ይወረውራል። አስተናጋጇን (ሄለን ሀንትን) አስም ስላለበት ልጇ ክፉ ይናገራታል። የፍቅር ጀግና ማለት ይሄ ነው? እራት ጋብዟት ደግሞ ቀሚሷን የቤት ልብስ ይለዋል። እስቲ አንድ ጥሩ ነገር በለኝ ስትለው ምን አላት? መድኃኒቴን መዋጥ ጀመርኩ! የአእምሮ ሕመሙን ክኒን ማለቱ ነው። ወይ ሙገሳ! ስለራሱ እኮ ነው የሚያወራው። እሷም ቅልጥ! ፊልሙ በወጣበት በ1997 እ.ኤ.አ. ጃክ ኒኮልሰን 60፣ ሄለን ሀንት 34 ዓመታቸው ነበር። ሁለቱም ኦስካር ወሰዱ። ይውሰዱ፣ ትወናው አይታማም። ግን ለልጇ ሐኪም ስለከፈለ ስድቡ ሁሉ ተሰረዘለት? ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት፣ በላዩ የ60 ዓመት ሕፃን ይጨመርላት? ውሻው ራሱ ወዶት አረፈው!