ቆርኪ የማይገባበት ካሬ

ሚኒሶታ ውስጥ በወር ሁለት ዓርብ ማታ አምስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ አንዷ ነርስ ናት፤ አንዱ የልጅ ልጅ ያየ ጡረተኛ ነው። እኔ መጋዘን የምሠራ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። የምናደርገውን ለእናቴ በስልክ ለማስረዳት ብዙ ደክሜአለሁ። በመጨረሻ፣ “እና ቁጭ ብላችሁ ዘንዶ ትገድላላችሁ?” አለችኝ። “አዎ” አልኋት። “ትዳር ያላቸው ሰዎች?” “አዎ።” ዝም አለች።

ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ነው፤ የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። አርነሰን የሚኒሶታ ሰው ነበር። ጋይጋክስ ደግሞ ዊስኮንሰን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ከተማ ይኖር ነበር፤ እሷም የሐይቅ ዳር ከተማ ናት፣ ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ሳያስተውል አያልፍም። አንድ ሰው አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይዘረጋል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ነፍስ ይይዛሉ። “በሩን እሰብራለሁ” ያለ ሰው ሃያ ገጽ ያላትን ዳይስ፣ በየገጿ ቁጥር የተጻፈባትን ጠጠር፣ ይወረውራል፤ መሰበር አለመሰበሩን የወጣው ቁጥር ይወስናል። የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

የእኔ ድርሻ ገጸ ባሕርያቱ የሚዘዋወሩበትን የምድር ቤት በትንሹ ቀርጾ መሥራት ነው። በዚያ አገር ለቤት ግድግዳ ሙቀት መጠበቂያ የሚሸጥ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ጠጣር ፎም አለ። እሱን በጋለ ሽቦ እቆርጣለሁ፣ በእርሳስ ጫን እያልሁ የድንጋዩን መጋጠሚያ መስመር አወጣለሁ። ከዚያ የአሉሚኒየም ወረቀት ጨብጬ ድቡልቡል አደርግና ላዩ ላይ አንከባልለዋለሁ፤ ልሙጡ ፎም ጎርበጥበጥ ብሎ ዘመን ያየ ድንጋይ ይመስላል። መጀመሪያ ጥቁር ይቀባል። ቀጥሎ ብሩሹ ግራጫ ይነከርና ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ ሊያልቅ ሲል ጫፍ ጫፉን ብቻ ዳበስ ይደረጋል። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ኢንች ነው፤ በጨዋታው ዓለም አምስት ጫማ ማለት ነው። ቁራጮቹ ተገጣጣሚ ስለሆኑ የዛሬው አዳራሽ በሌላው ዓርብ መተላለፊያ ይሆናል። ይህን ስሠራ ሌሊቱ መቼ እንደሚሄድ አላውቅም። የአገሬ ልጆች በዕድር ስብሰባ ላይ ዓርብ ማታ የት እንደምጠፋ ሲጠይቁኝ ግን “ትርፍ ሰዓት አለብኝ” እላለሁ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በእኛ ቋንቋ “ጨዋታ” አንድ ቃል ነው፤ ተቀምጦ ማውጋቱም ጨዋታ፣ የልጆች ሩጫውም ጨዋታ። ፈረንጅ ለየብቻ ስም ሰጥቷቸው ሲያበቃ ጠረጴዛ ላይ ያገናኛቸዋል። እኛ ቃሉን አንድ አድርገን ሰዉን ለያየነው፤ ወጉ ለትልቅ ሰው፣ ጨዋታው ለልጅ። እጁ በኮላ የተለወሰ የአርባ ዓመት ሰው በባሕር ዳሩ ሽምብጥ ሰፈር ምን ስም እንደሚወጣለት አውቃለሁ።

ባለፈው ባሕር ዳር ለጥየቃ ስሄድ ዳይስ፣ የደንቡን መጽሐፍና ጥቂት የፎም ቁራጭ በሻንጣዬ ይዤ ነበር። ሦስቱ የእህቴ ልጆች ወዲያው ያዙት። ጠጣሩን ፎም በገበያው አላገኘነውም፤ በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጩን ሰበሰብን። እሱ ደግሞ ዱልዱም ቢላዋ ሲነካው እንደ ገብስ ቆሎ ይበተናል። ቢላዋውን ከሰል ላይ እያጋልን በረንዳ ላይ ቆረጥነው፣ ጭሱ ለሳንባ ደግ አይደለምና። ትልቁ ልጅ ሊያስደስተኝ ብሎ ከመኪና ቀለም ሻጭ የሚረጭ ጥቁር ቀለም ገዝቶ፣ እኔ ሳላይ አንዱን ግንብ በሙሉ ረጨው። ቀለሙ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ፎሙን ይበላዋል። ስደርስ ግንቡ ወደ ውስጥ እየሰረገደ ነበር፤ ልጁ አፉን ይዞ ያየዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልነገርሁትም። ከዚያ ወዲያ በውኃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ቀለምና የአናጢ ነጭ ኮላ አዋጣን።

ለተጫዋችነት የመጣው ደግሞ ቆርኪ ነው። እኔ ያመጣኋቸው የፕላስቲክ ምስሎች ለሁሉ አልበቁም፤ ልጆቹ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ላይ ፊት ሳሉ። ቆርኪ ግን ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የአሜሪካው ካሬ ሁለት ተኩል ነው፤ አልገባም። ስለዚህ ካሬውን ሦስት ተኩል አደረጉትና ከሚኒሶታ ያመጣሁት ሁሉ የማይገጥም ሆኖ ቀረ። ትንሹ ከደንገል ጣት የምታህል ታንኳ ጎንጉኖ ቆርኪውን አሳፈረበት። አምስት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አልሠራሁም።

ሁለተኛው ልጅ ካርታውን በጣናው ገዳም በዑራ ኪዳነ ምሕረት አምሳል ክብ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ። እናቴ ይህን ስትሰማ ተነሣች። “ከቤተ ክርስቲያን ጭራቅ ልታስገቡ? ዘንዶውንማ ጊዮርጊስ ጨርሶታል።” ወደ ጎንደር ዞርን፤ የፋሲል ግንብ በአራት ማዕዘኑ ክብ ማማ አለውና የልጁ ምኞት በዚያ ተካካሰ።

ለ11 ሰዓት ተቀጣጥረን 1 ሰዓት ላይ ጀመርን። መሀል ላይ ጎረቤት ገቡ፤ ተነሥተን ሰላም አልን፣ ቡና ቀረበ። “አሜሪካ ድረስ ሄዶ እንዲህ ሆኖ ቀረ?” ሲሉ ሰማኋቸው፤ ለእናቴ በሹክሹክታ ነው፣ ግን ሰማሁ። ሚኒሶታ ውስጥ ቀጠሮ የሚያዘው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፣ ማታ 4 ሰዓት ሲል ሁሉም ኮቱን ያነሣል። ለመጫወት ያ ይሻላል፤ አልዋሽም።

በግንቡ በር ላይ አንድ ግዙፍ ዘበኛ አቁሜ ነበር። የሚኒሶታ ጓደኞቼ እንዲህ ያለውን ሲያዩ ሰይፍ ይመዝዛሉ። ትልቁ የእህቴ ልጅ ግን፣ “ጋሼ፣ የማን ልጅ ነው?” አለኝ። መጽሐፉን ገለጥሁ፤ ጉልበቱ፣ ጥሩሩ፣ ስንት ምት እንደሚችል ተጽፏል። አባቱ የለም። “ሽማግሌ እንልካለን” አሉ። ማግባባት በደንቡ አለ፣ አንዴ ዳይስ ተወርውሮ ያልቃል አልኋቸው። ሳቁብኝ። “ሽማግሌ በአንድ ቀን እሺ ይባላል እንዴ?” ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ በሦስተኛው ዘበኛው ወንድሙ በዚህ በር ላይ በእንግዳ እጅ እንደ ሞተ ነገራቸው። ያንን ያልሁት እኔ ነኝ፤ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ጎረቤቷ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ “ታዲያ ካሳ ተከፍሎታል?” አሉ።

ዳይሷን እዚያው ትቼ ተመለስሁ። ባለፈው ዓርብ ለጠረጴዛ ጓደኞቼ ይህን እያወራሁ ሳለ ከባሕር ዳር መልእክት ገባ። “ጋሼ፣ ዘበኛው አርባ ላም ጠይቋል። ሽማግሌዎቹ ሃያ ይበቃዋል ይላሉ። እሺ ይላል?” ነርሷ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ፣ ተረጎምሁላት። የጠረጴዛችንን ዳይስ አነሣችና መለሰቻት። “ላም እዚያ ስንት ነው?” አለችኝ።