ይድረስ ለ404፣ «ገጹ አልተገኘም» ለምትለው የዌብ ስህተት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆት ግን የለብኝም። በቀን ሦስቴ እየተገናኘን ምን ናፍቆት አለ?

ትናንት ማታ አምስት ሰዓት ላይ እንኳ ተያይተናል። ፕሮግራሜ አልነሳም አለኝ። የስህተት መልእክቱ ራሱ «ዝርዝሩን እዚህ ተመልከት» ብሎ ሊንክ ሰጠኝ። ስጫነው አንተ በሩ ላይ ተገትረሃል። «ይቅርታ፣ ገጹ አልተገኘም።» ከጎንህ የምታለቅስ ድመት አለች። ገጹን ለመፈለግ ጊዜ ያጣ ሰው ድመት መሳያ ከየት አገኘ?

ጥፋቱ ያንተ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የፕሮግራሙን መመሪያ የሚጽፉት የፕሮጀክቱ ልጆች ሰነዱን «አደራጁት»። የአጫጫን መመሪያው ድሮ «ጭነት» ነበር ስሙ። ከዚያ «አጀማመር» ሥር ገባ። አሁን ደግሞ «ጉዞህን ጀምር» የሚባል ቤት ተከራይቷል። ይዘቱስ? አንዲት ፊደል አልተነካችም። «ፓይተን 2 ጫን» ይላል አሁንም። ፓይተን 2 የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እኮ ድጋፉ የተቋረጠው በፈረንጆቹ 2020 መባቻ ነው፤ ነፍስ ይማር።

ማደራጀቱን አልጠላም። ግን ቤት የሚቀይር ሰው ለጎረቤት አድራሻ ይተዋል። ለገሃርን እይ። የጅቡቲ ባቡር ከዚያ መነሳት ካቆመ ቆየ፤ አሁን መነሻው ለቡ ነው። ሻንጣህን ይዘህ ለገሃር ብትገተር ግን ሊስትሮው ሳይቀር «ወንድሜ፣ ባቡሩ ለቡ ነው» ይልሃል። በዌብ ቤት 301 የሚባለው ኮድ ማለት ይኸው ነው። «ቤት ቀይረናል፣ በዚህ በኩል» የምትል አንዲት መስመር።

ዌብን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ ጥሩ አድራሻ አይለወጥም ብሎ የጻፈው በፈረንጆቹ 1998 ነው። ጽሑፉ ዛሬም እዚያው አድራሻው ላይ ቁጭ ብሏል። ሰውየው ድመትም አልሳለ።

በእኔና ባንተ መካከል ይቅርና፣ አምና እኔም የአንድ ሰነድ ፋይል ስሙ አላምር ቢለኝ ቀይሬ ልኬ ነበር። «ጥቃቅን ማስተካከያ» ብዬ። የፕሮጀክቱ ልጆች ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝም። 301? ረሳኋት። ስለዚህ የትናንቱን ሊንክ ማን እንደሰበረው ብዙ ባንመራመር ደስ ይለኛል።

ለወንድምህ ለ301 ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ቤቱን ካወቅከው። መልስህን በድሮው አድራሻዬ ላክልኝ።