ሐኪሞቻችን ለፓክ ለምን አያዋጡም?

እዚህ አሜሪካ አበሻ ሐኪሞች ሲገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ ኢንሹራንስ ላይ ያርፋል። አንዷ ወዳጄ ለታካሚዋ ኤምአርአይ ከኢንሹራንስ ኩባንያው ለማስፈቀድ ስልክ ይዛ ስትጠብቅ አይቻለሁ። ሙዚቃው ያልቃል፣ እንደገና ይጀምራል። በስንት መከራ ያነሳው ሰው በሽተኛውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ "መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ ሞክሯል ወይ?" ይላታል። ውጭ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ተቀምጠዋል። በዚህ የቅድመ ፈቃድ ጣጣ የማያማርር ሐኪም አላጋጠመኝም። "ለፓክ ታዋጣለህ?" ሲባል ግን ሁሉም ጭጭ።

ፓክ ሰዎች ገንዘብ አሰባስበው ለምርጫ ተወዳዳሪዎች የሚሰጡበት ሕጋዊ ኮሚቴ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አምፓክ የተባለውን የራሱን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። አንድ ሰው ለአንድ ፓክ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር መስጠት ይችላል። በዓመት ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙና ሥራው ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ይገለጻል፤ የፈለገ ሁሉ ያየዋል።

ብዙዎቻችንን የምታስደነግጠን ይቺ ናት። ስምን ፖለቲካ አጠገብ ማስጻፍ። አይፈረድብንም፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እየተባልን ነው ያደግነው። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበርም የተመሠረተው በዚያው በ1961 ነው። አገር ቤት ያለው ሐኪም ግን ዛሬም በእጁ ያለው ፊርማ ማሰባሰብ፣ ደጅ መጥናት፣ ሲብስም ሥራ ማቆም ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ይስተካከል ብለው ሥራ ሲያቆሙ በርካቶች ታስረዋል። እዚህ ያለነው ከልባችን አዝነን ነበር። ታዲያ ማንም ሳያስረን በሕግ የተከፈተልንን በር ለምን እናልፈዋለን?

"ገንዘብ ፖለቲካን ያበላሻል" የሚሉኝ አሉ። ስጋታቸው እውነት አለው። ግን የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም የራሳቸው ፓክ አላቸው፤ ሐኪሙ ስለቀረ እነሱ አይቀሩም።

ደግሞ ጉዳዩ የኛው ነው። ለሥልጠና በሚሰጠው የጄ-1 ቪዛ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) የጨረሰ ሐኪም ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ መኖር አለበት። ብዙዎችን ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደረገው ኮንራድ 30 የተባለው የፌዴራል ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱ ስቴት በዓመት እስከ 30 ሐኪሞችን ያስቀራል፤ እነሱም ሐኪም በሌለበት አካባቢ 3 ዓመት ያገለግላሉ። ይህ ፕሮግራም ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ ኮንግረስ ጊዜውን እያራዘመለት የኖረ እንጂ ቋሚ አይደለም። የእናንተ ታናናሾች ዕጣ ፈንታ እዚያ ድምፅ የሚሰጡ ሰዎች እጅ ላይ ነው።

ለዕድር በየወሩ የምናዋጣ ሰዎች ነን። ለፓክም ከኪሳችሁ ትንሽ ጀምሩ። መጀመሪያ ኮሚቴው ለነማን እንደሰጠ ከምርጫ ኮሚሽኑ መዝገብ እዩ፣ ካልጣማችሁ የስፔሻሊቲያችሁን ማኅበር ፓክ ፈልጉ። ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌላችሁ ግን እንዳትሰጡ፣ ሕግ ይከለክላል። የኮንግረስ ተወካዩ ቢሮ ደውሎ ስለ ኮንራድ 30 መናገር ለእናንተም ይፈቀዳል።